አይጥን መግደል ተፈቅዷል፤ ማሰቃየትስ?



በጀመዓችን ውስጥ ፋርማሲ፣ ሕክምና ላብራቶሪ፣ ባዮሎጂና የእንስሳት ሕክምና የምንማር ወንድሞችና እህቶች ስንገናኝ ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ። ለመመረቂያ ጥናት አይጥ ይዘን፣ አሳምመን፣ መድኃኒት ሞክረንባት፣ በመጨረሻም ገድለን አንጀቷን ከፍተን ማየታችን በዲናችን እንዴት ይታያል? አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አጫጭር መልሶች አንዱ ይሰጣል። አንዱ ወገን «እንስሳ ማሰቃየት ሐራም ነው፣ አበቃ» ይላል። ሌላው ደግሞ «አይጥ እኮ ሰው ኢሕራም ላይ ሆኖ እንኳ እንዲገድላት የተፈቀደች ተባይ ናት፤ ስለ አይጥ የምን ጭቅጭቅ ነው?» ይላል። እኛ ከሁለቱም ጋር አንስማማም፤ ለምን እንደማንስማማ ለማስረዳት ትንሽ ሰፋ አድርገን መጻፍ ግድ ሆነብን።

በደፈናው ከምንከራከር አንድ በሽታ እንያዝ። ክሮንስ እና አልሰራቲቭ ኮላይተስ የሚባሉት ሕመሞች አንጀት ለዓመታት እየተቆጣ፣ እየቆሰለ፣ ጋብ ብሎም መልሶ እየተነሳ የሚኖርባቸው ናቸው። አልሰራቲቭ ኮላይተስ ትልቁን አንጀት ሲያቆስል፣ ክሮንስ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትኛውንም የምግብ መተላለፊያ ሊይዝ ይችላል። ክሮንስ ስሙን ያገኘው በ1932 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በሽታውን ከገለጸው ከኒውዮርኩ ሐኪም ከቡሪል ክሮን ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት በወጣትነት፣ ማለትም በኛ ዕድሜ ነው። ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ፣ የሆድ ቁርጠት፣ መክሳትና ድካም ያመጣሉ። የሚያስታግሱ መድኃኒቶች አሉ፤ ክሮንስን ከሥሩ ነቅሎ የሚያጠፋ መድኃኒት ግን የለም። በቀን አሥር ጊዜ መጸዳጃ ቤት የሚመላለስ ሰው ጁሙዓ ሊሰግድ ሲነሳ በመጀመሪያ የሚያስበው ከመስጂዱ መጸዳጃ ቤት ምን ያህል ቅርብ እንደሚቀመጥ ነው። ውዱኡ እስከ ሰላምታ ይቆይለት እንደሆነ ይጨነቃል። ረመዳን ሲገባም «ልጹም ወይስ አልጹም?» የሚለው ከሐኪምም ከኡስታዝም ጋር የሚመከርበት ጉዳይ ይሆንበታል። በእንስሳ ላይ መሞከር በጠቅላላው ይቁም ለሚለው ወንድማችን በመጀመሪያ የምናስታውሰው ይህን ሰው ነው። አላህ (ሱ.ወ) መድኃኒት ያላወረደለት በሽታ እንደሌለ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። መድኃኒቱ ግን ቁጭ ባልንበት አይመጣም፤ መፈለግን ይጠይቃል።

ፍለጋው ግን በአይጧ ሰውነት ያልፋል። ተራ አይጥ ክሮንስ አይዛትም፤ የምናሳምማት እኛ ነን። በጣም የተለመደው መንገድ ዴክስትራን ሰልፌት ሶዲየም፣ ባጭሩ ዲኤስኤስ የሚባለው ኬሚካል ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች በ1990 ካሳወቁት ወዲህ በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል፤ ምክንያቱም ቀላል ነው። 2 ወይም 3 በመቶ ያህል በመጠጥ ውኃ ውስጥ ይቀላቀልና ለ5 ወይም ለ7 ቀን ይሰጣል። ኬሚካሉ የትልቁን አንጀት የውስጥ ሽፋን ይጎዳል፤ በውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ወደ ሥጋው ይደርሳሉ፤ ሰውነት ይቆጣል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሰገራዋ ይላላል፤ ደም ይታይበታል፤ ክብደቷ ይቀንሳል፤ ጠጉሯ ይቆማል፤ ጎብጣ ጥግ ትይዛለች። ተማሪው በየቀኑ ይመዝናታል፤ ሰገራዋን ያያል፤ ነጥብ ይሰጣል። ይህንን «የበሽታ ደረጃ መለኪያ» ብለን በሠንጠረዥ ስናስቀምጠው ንጹሕ ቁጥር ይመስላል። ቁጥሩ ግን ሕመም ነው።

ታዲያ ከዚህ ምን ተገኘ? ይህንን ሳይመልሱ መፍረድ አይቻልም። በ1993 ጀርመን ውስጥ ኢንተርሉኪን 10 የሚባለውን፣ የሰውነትን ቁጣ የሚያበርድ ፕሮቲን የሚሠራውን ጂን ያጡ አይጦች ተፈጠሩ፤ ማንም ኬሚካል ሳይሰጣቸው አንጀታቸው ይቆጣ ጀመር። በኋላ እነዚሁ አይጦች ምንም ባክቴሪያ በሌለበት አካባቢ ሲያድጉ አንጀታቸው ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ የተገኘው ትምህርት ትልቅ ነው፤ የአንጀት ሰላም የሚጠበቀው አብረውን በሚኖሩት ባክቴሪያዎችና በመከላከያ ሠራዊታችን መካከል ባለ ስምምነት ነው፤ ኢንተርሉኪን 10 ደግሞ ከስምምነቱ ጠባቂዎች አንዱ ነው። በ2009 ገና በጨቅላነታቸው ከባድ የአንጀት ሕመም የያዛቸው ሕፃናት ሲመረመሩ የተበላሸው ጂን የዚሁ ፕሮቲን ተቀባይ መሆኑ ታወቀ። ከሕፃናቱ አንዱ የመቅኔ ሕዋስ ንቅለ ተከላ ተደርጎለት ተሻለው። ሐኪሞቹ የት መፈለግ እንዳለባቸው ያወቁት ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት በታመሙ አይጦች ነው ብንል አላጋነንንም።

ለአገራችን ይበልጥ የሚቀርብ ምሳሌም አለ። ኢንፍሊክሲማብ የሚባለው መድኃኒት በ1998 በአሜሪካ ለክሮንስ ሲፈቀድ ለብዙ ሕሙማን እፎይታ ነበር፤ ሥራው ቲኤንኤፍ የሚባለውን አቀጣጣይ ፕሮቲን ማገድ ነው። በ2001 ግን ይህን መድኃኒት ወስደው የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ የተነሳባቸው 70 ሕሙማን በአንድ የሕክምና መጽሔት ተዘገቡ። የቲኤንኤፍ ሥራ የተገታባቸው አይጦች የነቀርሳን ባክቴሪያ መቋቋም እንደማይችሉ ደግሞ በ1995 ታይቶ ነበር። አይጧ ቀድማ ተናግራ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ይህ መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት ሕመምተኛው ለነቀርሳ ይመረመራል። ነቀርሳ በበዛበትና የአንጀት ነቀርሳ ራሱ ክሮንስን መስሎ ሐኪም በሚያደናግርበት አገር ለምንኖር ለኛ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም።

ይሁንና አይጧ ያልተናገረችውን እንድትናገር ያደረግንባቸው ጊዜያትም አሉ። ኢንተርሉኪን 10 የሌላት አይጥ ከታመመች፣ ኢንተርሉኪን 10 ለሕሙማን ብንሰጥ ይድናሉ የሚለው ሐሳብ ምክንያታዊ ይመስል ነበር፤ በክሮንስ ሕሙማን ላይ ሲሞከር ግን የተጠበቀውን ያህል አልረዳም። ኢንተርሉኪን 17ን የሚያግደው መድኃኒት ደግሞ ብሶ ነበር፤ በ2012 የወጣው ውጤት መድኃኒቱ የክሮንስ ሕሙማንን ከመርዳት ይልቅ ሊያባብስባቸው እንደሚችል አሳየ። ኖድ2 የሚባለው ጂን በ2001 ከክሮንስ ጋር መያያዙ ታወቀ፤ ይህንን ጂን ያጡ አይጦች ግን በራሳቸው ኮላይተስ አይዛቸውም። የአይጥ አንጀት የሰው አንጀት አይደለም፤ ምግቧ፣ ባክቴሪያዋ፣ ዕድሜዋ ሁሉ ሌላ ነው። ዲኤስኤስ የሚያመጣው ደግሞ በመሠረቱ ቁስል ነው። ቲ ሴልና ቢ ሴል የሌላቸው አይጦች እንኳ በዲኤስኤስ ይታመማሉ፤ ስለዚህ «ቲ ሴሎች ይህንን በሽታ እንዴት ያመጡታል?» የሚል ተማሪ ዲኤስኤስን ከመረጠ ጥያቄው ወዲያ፣ አይጧ ወዲህ ሆነው ይቀራሉ።

እዚህ ላይ ነው ሳይንሱና ዲኑ የሚገናኙት። «አይጥ ተባይ ናት» የሚለው መልስ ከየት እንደመጣ እናውቃለን። በቡኻሪና በሙስሊም በተዘገበው ሐዲስ ኢሕራም ላይ ያለ ሰው እንኳ እንዲገድላቸው ከተፈቀዱት አምስት ጎጂ እንስሳት መካከል አይጥ አንዷ ናት። ሐዲሱ ሰሒሕ ነው፤ ግን የፈቀደው ምንድን ነው? ጉዳትን ለመከላከል መግደልን ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አላህ በሁሉም ነገር ላይ ኢሕሳንን እንደደነገገ፣ ስንገድልም ሆነ ስናርድ አሳምረን እንድናደርገው፣ ቢላችንን እንድንስልና የሚታረደውን እንስሳ እንዳናንገላታ ያዘዙት ሐዲስ ደግሞ ሙስሊም የዘገበው ነው፤ ከሸዳድ ኢብኑ አውስ (ረ.ዐ) የተላለፈ። ይህኛው ትእዛዝ አይጥን አላወጣም። እንዲያውም ትእዛዙ ክብደት የሚኖረው መግደል በተፈቀደበት ቦታ ነው፤ መግደል ባልተፈቀደበትማ ስለ አገዳደል ምን ያነጋግራል? ነፍስ ያለውን ነገር አስሮ ዒላማ ማድረግ የተወገዘው፣ የአህያን ፊት መተኮስ የተወገዘው፣ እነዚያ እንስሳት ስለተወደዱ አልነበረም። ሕመም ሕመም ስለሆነ ነው።

ሁለተኛም ነገር አለ። የላብራቶሪዋ አይጥ ጎተራ የገባች አይጥ አይደለችም። እህላችንን አልበላችም፤ ልብሳችንን አልቀደደችም። እኛው አራብተናት፣ በሳጥን ዘግተን፣ ውኃና መኖዋን በእጃችን አድርገን የያዝናት ናት። ስለዚህ ለሷ የሚቀርበው ሐዲስ ስለ ጎጂዎቹ እንስሳት የተነገረው ብቻ ሳይሆን ስለ ድመቷና ስለ ሴትዮዋ የተነገረው ነው ብለን እናምናለን። ሴትዮዋ የተቀጣችው ድመቷን ዘግታ ስላላበላቻት፣ ራሷ ፈልጋ እንድትበላም ስላለቀቀቻት ነው። መውጫ የሌለው ፍጡር በእጅህ ሲሆን የሚመጣው ኃላፊነት ሌላ ነው። ዒዝ ኢብኑ ዐብዲሰላም (በ660 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ታላቅ ዓሊም) እንስሳ በያዘው ሰው ላይ ስላለው መብት ሲጽፉ፣ ከጥቅም ውጭ የሆነውን እንስሳ እንኳ መመገብ ግዴታ መሆኑን ጠቅሰዋል። ይህ ከአውሮፓ የእንስሳት መብት ክርክር ብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው፤ ሰዎች «የእንስሳት መብት የፈረንጅ ወሬ ነው» ሲሉ ስንሰማ የሚገርመን ለዚህ ነው።

እንግዲህ አይጧን ማሳመም ሊፈቀድ የሚችለው በሐጃ፣ ማለትም በእውነተኛ ፍላጎት ነው ካልን፣ ፍላጎቱ በልኩ እንደሚለካ ፉቀሃዎች አስቀምጠውልናል። ያ ማለት ሙከራው የተነሳበትን ጥያቄ መመለስ መቻል አለበት። መመለስ የማይችል ሙከራ ሳይንሳዊ ድክመት ብቻ አይደለም፤ ያለ ምክንያት የተፈጸመ ሥቃይ ነው። በኛ አገር ብዙው የፋርማኮሎጂ የመመረቂያ ሥራ የባህል መድኃኒት ዕፅዋትን በነጫጭ አይጦች መሞከር በመሆኑ፣ ጉዳዩ በቀጥታ ይነካናል።

ጥቂት ምሳሌ እንስጥ። አይጦች አንዷ የሌላዋን ሰገራ ይበላሉ፤ ስለዚህ በአንድ ሳጥን ያሉት ባክቴሪያቸው እየተመሳሰለ ይሄዳል። መድኃኒት የሚሰጣቸውን ስምንት አይጦች በአንድ ሳጥን፣ የማይሰጣቸውን ስምንት በሌላ ሳጥን ካደረግን፣ ያየነው ልዩነት የመድኃኒቱ ይሁን የሳጥኑ ማወቅ አንችልም፤ አሥራ ስድስት ነፍስ ሄዶ በእጃችን የቀረው የሁለት ሳጥን ንጽጽር ነው። ሌላም፤ የዕፅዋቱን ጭማቂ ዲኤስኤስ ባለበት ውኃ ውስጥ የሚቀላቅል አለ። ጭማቂው ከመረረ አይጧ ውኃውን ትተወዋለች፤ ኬሚካሉንም አብራ ትተወዋለች፤ ሳትታመም ትቀራለች። ተማሪው «መድኃኒቱ አዳናት» ብሎ ይጽፋል። በየቀኑ የጠጣችውን መጠን ለክቶ መመዝገብ ምንም ወጪ የለውም። ሦስተኛው፣ ዲኤስኤስ ከቆመ በኋላ አይጧ በራሷ ታገግማለች። በዚያ ሰሞን የተሰጠ ማንኛውም ነገር፣ ሻይም ቢሆን፣ ፈዋሽ ሊመስል ይችላል። ከኬሚካሉ ጋር አብሮ የተሰጠ ደግሞ መከላከልን እንጂ ማዳንን አያሳይም፤ ሕመምተኛው ግን ሆስፒታል የሚመጣው ከታመመ በኋላ ነው። እነዚህን ሁሉ ማንም መምህር ያውቃቸዋል፤ የሚጎድለው እንደ አማና ማየቱ ነው።

ሕመሟን በተመለከተ፣ «አይጥ ምን እንደሚሰማት በምን ይታወቃል?» የሚለው ሰበብ ካለፈበት ቆይቷል። በ2010 የወጣ አንድ የመለኪያ ዘዴ የአይጥን የሕመም ደረጃ ከፊቷ ያነባል፤ የዓይኗን መጥበብ፣ የአፍንጫዋንና የጉንጯን ማበጥ፣ የጆሮዋንና የጢሟን አቀማመጥ አይቶ። ለመማር ካሜራና ትዕግሥት ይበቃል። ክብደቷ በ20 በመቶ ከቀነሰ ከሙከራው ወጥታ ያለ ሥቃይ እንድትሞት ማድረግ በብዙ ተቋማት የተለመደ ወሰን ነው፤ ይህ ወሰን በፕሮፖዛል ላይ ተጽፎ እስከ ቅዳሜና እሑድ ድረስ የሚሠራ መሆን አለበት። ተማሪው ዓርብ ወደ ቤት ሄዶ ሰኞ ሲመለስ አይጧ ሞታ ካገኛት ወሰኑ ወረቀት ላይ ብቻ ነበር። የሕመም ማስታገሻም ቢሆን እንደነ ዳይክሎፌናክ ያሉት አንጀትን ራሳቸው ስለሚጎዱ ውጤቱን ሊያበላሹ ይችላሉ፤ «ስለዚህ ምንም አንሰጥም» ከማለት ግን በፊት ሌላ ዓይነት ማስታገሻ እንዳለ የእንስሳት ሐኪም መጠየቅ ይገባል። የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎቻችን በሳምንት አንድ ቀን ለዚህ ምክር ቢመደቡ ምን ያህል ሥራ በቀለለ!

ስለ ጥቁር አዝሙድ ሳናነሳ አናልፍም፤ ብንተወውም ጠያቂው ብዙ ነው። ሐበቱ ሰውዳ በሐዲስ የተመሰገነ ነው፤ ሁላችንም ቤት አለ። በላብራቶሪ እንስሳት ላይ አንጀትን በኬሚካል አቁስለው እሱን ወይም ከሱ የወጣ ንጥረ ነገር የሞከሩ ጥናቶችም አሉ። ከዚያ በቴሌግራም «ሐበቱ ሰውዳ የአንጀት በሽታን እንደሚፈውስ ሳይንስ አረጋገጠ» የሚል ጽሑፍ ይዞራል። የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቃል የአይጥ ምስክርነት አያስፈልገውም። የአይጥ ጥናት ደግሞ ከሚችለው በላይ መናገር የለበትም። አልሰራቲቭ ኮላይተስ ያለባት እህት ይህን አንብባ መድኃኒቷን ብታቆምና ቁስሉ ቢነሳባት፣ ጽሑፉን ያስተላለፈው ሰው በዲን ስም ያስተላለፈው ነገር ነው የጎዳት። መልእክቱን ከማስተላለፋችን በፊት «በማን ላይ ተሞከረ? በሰው ወይስ በአይጥ?» ብለን እንጠይቅ።

አማራጩስ? ራስልና በርች የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በ1959 በጻፉት መጽሐፍ ሦስት ነገር ጠይቀው ነበር፤ በእንስሳ ፈንታ ሌላ መተካት፣ ቁጥሩን መቀነስ፣ ሥቃዩን ማቅለል። መተካቱ ዛሬ ከያኔው ቀርቧል። በ2009 ከአይጥ፣ ብዙም ሳይቆይ ከሰው አንጀት ግንደ ሕዋስ ተወስዶ በሳህን ላይ ትንንሽ አንጀት መሰል ነገሮችን፣ ኦርጋኖይድ የሚባሉትን፣ ማሳደግ ተችሏል። አሜሪካም አዲስ መድኃኒት በሰው ከመሞከሩ በፊት የግድ በእንስሳ ይሞከር የሚለውን የሕግ ግዴታ በ2022 መጨረሻ አንስታለች። ኦርጋኖይድ ግን ውድ ነው፤ ደም ሥርም፣ ባክቴሪያም፣ ሙሉ የመከላከያ ሠራዊትም የለው፤ ነገ ጠዋት አይጧን ይተካል ብለን አንዋሽም። መቀነስና ማቅለል ግን ለነገ የሚባሉ አይደሉም።

እኛ ሙፍቲዎች አይደለንም። የምንጠይቀው ጀመዓው በዚህ ሴሚስተር ኡስታዞቻችንን፣ የፋርማኮሎጂና የእንስሳት ሕክምና መምህራንን በአንድ መድረክ እንዲያቀራርብልን ነው። ሙስሊም ላልሆኑ የትምህርት ባልደረቦቻችንም ክፍት ይሁን፤ ሳጥኑን የምናጸዳው አብረን ነው። ይዘን የምንመጣው ጥያቄም አለን። ሙከራው ሲያበቃ ኬሚካል ያልተሰጣቸው፣ ጤነኛ የሆኑት አይጦች ለማወዳደሪያ አብረው ይገደላሉ። ቲሹአቸው የሚያስፈልግ ከሆነ ምክንያቱ ይገባናል። ለጥናቱ ቲሹአቸው የማያስፈልግ ሲሆን፣ ቦታ ለማስለቀቅ ብቻ የሚገደሉትስ? ከጎጂዎቹ አንዷ ናት የሚለው ፈቃድ እነሱንም ይጨምራል ወይስ በያዝናቸው ቀን ከዚያ ፈቃድ ወጥተው በአማናችን ገብተዋል? ወላሁ አዕለም።